ለእርስዎ የታዘዘ መድኃኒት የእርስዎ ብቻ ነው፦ ስለ ዘር ውርስና ሕክምና የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የራዲዮ ቀጥታ ስርጭት ስለ ዘር ውርስና ሕክምና ከደወሉልኝ አድማጮች መካከል ለብዙዎቹ የሰጠሁት መልስ በሰዓት ጥበት የተቆራረጠ ስለነበር፣ አዘጋጆቹ በጽሑፍ እንዳሟላው ጠይቀውኛል። የጠያቂዎቹን ማንነት ትቼ ጥያቄዎቹን ብቻ አስቀምጫለሁ። አንዳንዶቹ ላለፉት ሃያ ዓመታት በየመድረኩ ሲቀርቡልኝ የኖሩ ስለሆኑ መልሴ አጭር ቢሆን ቅር አይበላችሁ። አንደኛው ግን የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኝ ያደረ ነውና ረዘም ብሏል።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አባት፦ አምስት ሴቶች ወልደናል። ዘመዶቼ «ወንድ አለመወለዱ ከሚስትህ ዘር ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። የእናት እንቁላል ምንጊዜም ኤክስ ክሮሞዞም ብቻ ስለሚይዝ፣ ጾታውን የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ኤክስ ወይም ዋይ ነው። ወቀሳ ካስፈለገ አድራሻው እርስዎ ነዎት፤ ነገር ግን ለአምስት ሴቶች ልጆች ምስጋና እንጂ ወቀሳ የሚገባው ሰው አይታየኝም።

ከአዲስ አበባ የደወሉ እናት፦ የአራት ዓመት ልጄን ሳል ሲያስጨንቀው፣ ለንደን የምትኖረው እህቴ ለራሷ ታዝዞላት የተረፈውን ሽሮፕ ላከችልኝ። ብልቃጡ ላይ «ኮዴይን» የሚል ተጽፎበታል። ለእሷ ፍቱን ስለነበር ትናንት ማታ ለልጁ ግማሽ ማንኪያ ሰጠሁት። ዛሬ ከወትሮው በላይ ይተኛል፤ ልቀጥል ወይ?

በስልክ የነገርኩዎትን ሁሉም እንዲሰማው እደግመዋለሁ። ኮዴይን ወስዶ እንደ ልማዱ የማይነቃ ሕፃን «እንቅልፍ ጥሎት ነው» ተብሎ አይተውም፤ ብልቃጡን ይዞ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ እስኪነጋ እንየው ማለት አይቻልም። ሆስፒታል ውስጥ ማርከሻ መድኃኒት አለ፤ ቤት ውስጥ ግን የለም፤ ወተትም ሆነ ቡና አያረክሰውም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ኮዴይን የሕመምና የሳል ማስታገሻ ሲሆን በራሱ ደካማ መድኃኒት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ጉበታችን ውስጥ ያለ ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የሚባል ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ከፊሉን ሞርፊን ወደሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሲለውጠው ነው። ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረ መል አብዛኛው ሰው አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። አንዳንዱ ግን ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። አንድ ወፍጮ ባለበት መንደርና አራት ወፍጮ ባለበት መንደር አንድ ኩንታል ጤፍ በእኩል ሰዓት ተፈጭቶ አያልቅም፤ እንደዚሁም ብዙ ቅጂ የወረሰ ሰው ያንኑ አንድ ማንኪያ ሽሮፕ ከሌላው ሰው በበለጠ ፍጥነትና መጠን ሞርፊን ያደርገዋል፤ ትርፉ ሞርፊን ደግሞ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ሲከፋም ያቆማል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ዘረ መል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ግን ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። የአገራችን የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ያገደውም ይህን የዘር ውርስ ጉዳይ ተመልክቶ ነው። አንድ አገር የሕዝቡን ዘረ መል መሠረት አድርጎ መድኃኒት ሲያግድ እምብዛም ያልታየ ነገር በመሆኑ፣ እኔ በሙያዬ ከምኮራባቸው ውሳኔዎች አንዱ ነው። ያ ብልቃጥ እንግዲህ በሻንጣ ሲገባ የአገሩን ሕግ ብቻ ሳይሆን ሕጉ የወጣበትንም ምክንያት ጥሶ ገብቷል። የለንደኑ ሐኪም አላጠፋም፤ መድኃኒቱን ያዘዘው ለአዋቂዋ እህትዎ እንጂ ለአራት ዓመት ልጅዎ አልነበረም።

«ግማሽ ማንኪያ» የምትለዋን ነገርም ሳላነሣ አላልፍም። ሕፃን የአዋቂ ግማሽ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል የሚባለው ሌላ የሕመም ማስታገሻ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ የከለከለው «በግማሽ ስጡ» ሳይል ጨርሶ ነው፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት መክሯል፤ ምክንያቱም ሞርፊኑ በጡት ወተት በኩል ወደ ጨቅላው ይደርሳል። ትራማዶልን ሆን ብዬ ጠቀስኩ። በየከተማው ያለ ማዘዣ በፍሬ እየተቆጠረ ሲሸጥ እሰማለሁ፤ እሱንም ኃይለኛ የሚያደርገው ይኸው ኢንዛይም ነው። በተቃራኒው ደግሞ ኢንዛይሙ የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ የቱንም ያህል ቢውጡ ሕመሙ ስለማይታገስላቸው መጠኑን በራሳቸው እየጨመሩ ወደ ሌላ አደጋ ይገባሉ። ማን ፈጣን፣ ማን ዘገምተኛ እንደሆነ በመልክ፣ በብሔር ወይም በትውልድ ቀበሌ አይታወቅም፤ አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ሁለት ወንድማማቾች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ።

ነፍሷን ይማርና፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ አንድ የብስኩት ጣሳ ነበረች፤ ከበሽተኛ ሁሉ የተረፈ ክኒን እዚያ ይጠራቀማል፤ ሰፈሩም «እስቲ ለራስ ምታት» እያለ ይመጣል። እናቴ ደግ ነበረች፤ ጣሳዋ ግን ደግ አልነበረችም። እኔ ሐኪም ሆኜ መጀመሪያ የጣልኩት ነገር ያችን ጣሳ ነው። በየቤታችሁ ጓዳ ያለችውንም እንድትጥሏት እለምናችኋለሁ፤ ለአንድ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ለዚያው ሰው ብቻ ነው።

ስለ ሳሉ፦ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ትንሽ ማርና ሞቅ ያለ ፈሳሽ ይበቃዋል። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ከአርባ ምንጭ የደወሉ ወጣት፦ ባለፈው ዓመት ለወባ ፕሪማኪን ስወስድ ሽንቴ እንደ ኮካ ኮላ ጠቆረ፤ አቁሜው ተሻለኝ። ወባው ተመልሶብኛል፤ የቀረውን ክኒን ልጨርሰው?

አይጨርሱት፤ ለሌላ ሰውም አይስጡት። ፕሪማኪን ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቆየውን ክፍል የሚያጠፋ እጅግ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ጂ 6 ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም በውርስ ያነሰበት ሰው ሲወስደው ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ የሽንቱ መጥቆርም የዚያ ምልክት ነው። ዘረ መሉ የሚገኘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ አንድ ኤክስ ብቻ ባላቸው ወንዶች ላይ ይበረታል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው የወባውን ሕክምና ይጀምሩ፤ ባለፈው ዓመት የሆነውን ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የኢንዛይሙ ምርመራም ይደረግልዎ። ወንድሞችዎና የእናትዎ ወንድሞችም ይህን ታሪክ ይወቁት።

ሌላ አድማጭ በዚያው መስመር፦ እንግዲያው ባቄላ መብላት ልተው?

ለአብዛኞቻችን ባቄላ ምንም አያደርግም፤ ጾሙንም ሆነ ሽሮውን በሰላም ይቀጥሉ። ይህ የኢንዛይም እጥረት እንዳለበት በምርመራ የታወቀ ሰው ግን ከባቄላ፣ በተለይም ከእሸቱ ይራቅ፤ ባቄላም እንደ ፕሪማኪኑ ቀይ የደም ሴሎቹን ሊያፈርስበት ይችላል።

ከሐዋሳ የደወለ ባል፦ የእኔም የባለቤቴም ደም ኦ ነው፤ ልጃችን ግን ኤ ነው ተባለ። ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ አንዱ ውጤት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለት ኦ የሆኑ ወላጆች ኤ የሆነ ልጅ እንደማይወልዱ ትምህርት ቤት የተማሩት ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ በልጅነት የተጻፈ ካርድ፣ በችኮላ የታየ ስላይድ፣ የተቀያየረ ብልቃጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ሦስታችሁም በአንድ ቀን፣ በአንድ ላቦራቶሪ እንደገና ተመርመሩ። እስከዚያ ድረስ ባለቤትዎን አንዳች እንዳይጠይቋት አደራ እላለሁ፤ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ አንዴ ከአፍ ከወጡ በላቦራቶሪ ወረቀት አይመለሱም። የደም ዓይነት የአባትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ጉዳዩ የግድ ከሆነ መንገዱ ፍርድ ቤትና የዲኤንኤ ምርመራ ነው፤ ሕጉም ቢሆን በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባት ባልየው ነው ብሎ ግምት ይወስዳል።

ከወላይታ ሶዶ የደወለ እጮኛ፦ የማገባት ልጅ እናት እግራቸው ዝሆኔ አለበት። ቤተሰቦቼ «በዘር የሚተላለፍ እርግማን ነው» ብለው ጋብቻውን ከለከሉ። ልጆቻችን ይታመሙ ይሆን?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ያህል ደስ ብሎኝ የምመልሰው የለም። በእናንተ አካባቢ የሚታየው ዝሆኔ በአብዛኛው በትንኝ የሚመጣው አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ በኩል ገብተው ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወግዱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ እግሩም እያደር ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ ቤተሰቦችህ «በዘር ይመጣል» ያሉት ከየት አምጥተው ነው? ካዩት ነገር ነው፤ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ሲቀር፣ ሕመሙም በአንዳንድ ቤት ሲደጋገም አይተዋል። ያዩት ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ የደረሱበት መደምደሚያ ነው። እዚያው ወላይታ ከሚኖሩ ሰዎች በተወሰደ ናሙና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዙና ኤች ኤል ኤ የሚባሉ ዘረ መሎች ለሕመሙ ያለንን ተጋላጭነት እንደሚለዋውጡ አሳይቷል። የሚወረሰው እንግዲህ በአፈሩ የመጎዳት ዝንባሌ እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። አፈሩ ቆዳውን ካልነካው፣ ዘረ መሉ ብቻውን እግር አያሳብጥም።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ድክ ድክ ማለት ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ጫማ አድርጉላቸው፤ እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና እጠቡላቸው። ለአማትህም ቢሆን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳውን በቫዝሊን ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንስላቸዋል። ለሽማግሌዎቹ ይህን አንብብላቸው፤ ካልተቀበሉህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይዘህ ግባ።

ከባሕር ዳር፦ ራሰ በራነት የሚወረሰው ከእናት ወገን ነው ወይስ ከአባት?

ከሁለቱም ነው። የሁለቱንም አያቶችዎን ፎቶግራፍ ይመልከቱና ይዘጋጁ።

ከዋሽንግተን የደወሉ እህት፦ ምራቅ በፖስታ እየላኩ ዘርን የሚያሳውቀውን ምርመራ ለመላው ቤተሰብ ለገና ስጦታ ልገዛ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ለሹራብ ቢያውሉት ይሻላል፤ ግን አሳቤን ላስረዳ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ዲኤንኤ አይቀየርም፤ በዚያ ላይ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ የእያንዳንዱ ወላጅዎ፣ ግማሹ የልጅዎ ነው፤ እነሱ ደግሞ አልፈቀዱም። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞቹ መረጃ ለሰርጎ ገቦች ተጋልጦበታል፤ በ2025 ደግሞ ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገብቷል። እርስዎ ባሉበት አገር ጂና የሚባለው የ2008ቱ ሕግ የጤና መድን ሰጪዎችና አሠሪዎች በዘረ መል ውጤት እንዳያገሉዎ ቢከለክልም፣ የሕይወት መድንን አይሸፍንም። ከዚህም ሌላ በእነዚህ ምርመራዎች ምክንያት ማንም ያልጠበቀው ወንድም ወይም እህት በአንድ ኢሜይል ብቅ ይላል። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ተወያይቶበት ከወሰነ ምርጫው የእናንተ ነው። ከሣጥኑ የወጣውን የበሽታ ውጤት ይዛችሁ ግን በራሳችሁ መድኃኒት እንዳትጀምሩ ወይም እንዳታቋርጡ፤ ውጤቱ በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ለሐኪም ፍንጭ ብቻ ነው።

ከሪያድ የደወለ፦ የአጎቴን ልጅ ላገባ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ የአገሬ ሰዎች ግን ይሳለቁብኛል።

እኔ አልሳለቅብህም። ሰባት ቤት የሚቆጥረው ወገን የራሱ ባህል አለው፤ የአክስትና የአጎት ልጅ የሚያጋባውም፣ ለምሳሌ በአፋር «አብሱማ» የሚባለው ሥርዓት፣ የራሱ ባህል ነው። ከሕክምናው ወገን የምለው ይህ ነው፦ የአጎት ልጆች በአማካይ ከዘረ መላቸው ስምንተኛውን እጅ ይጋራሉ፤ በመሆኑም ሁለቱም ሳይታመሙ የተሸከሙት የተሳሳተ ዘረ መል ልጃቸው ላይ የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል። ከባድ የተፈጥሮ ችግር ያለበት ልጅ የመውለድ አደጋ ዝምድና ከሌላቸው ጥንዶች ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ያም ሆኖ ከእንዲህ ያሉ ጥንዶች የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸው። ባለህበት አገር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከጋብቻ በፊት በውርስ የሚተላለፉት የማጭድ ሴልና የታላሴሚያ የደም ሕመሞች ምርመራ ግዴታ ሆኗል፤ እናንተም አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን የሁለታችሁን አያቶች አስቀምጣችሁ በሕፃንነቱ የሞተ፣ መስማት የተሳነው፣ መራመድ ያልቻለ ልጅ በቤተሰቡ እንደነበረ ጠይቁና በወረቀት አስፍሩ። ወረቀቱን ይዛችሁ የዘረ መል ምክር የሚሰጥ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ፤ በራዲዮ ከዚህ በላይ መናገር አይገባኝም።

ከመቀሌ የደወሉ እናት፦ የመጀመሪያ ልጄ ጀርባው ላይ አከርካሪው ክፍት ሆኖ ተወልዶ አረፈ። በደማችን ያለ ነገር ነው? ሁለተኛ ልውለድ?

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይህ ችግር ከዘር ዝንባሌና ፎሌት ከሚባለው ቫይታሚን እጥረት ጋር ይያያዛል፤ ዘሩን መለወጥ ባንችልም እጥረቱን መሙላት እንችላለን። የጽንሱ የአከርካሪ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው፤ ስለዚህ ፎሊክ አሲድ (በክኒን የሚሰጠው ፎሌት) ከእርግዝና በኋላ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይጀመራል። ለማንኛዋም ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ያለ ታሪክ ላላት እናት ግን ሐኪም ከዚያ አሥር እጥፍ የሚሆን መጠን ያዝዛል። ከጎረቤት ነፍሰ ጡር የተረፈውን ክኒን አይዋሱ፤ የእሷ መጠን የእርስዎ አይደለም። ከማርገዝዎ በፊት የማሕፀንና የጽንስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከጎንደር የደወሉ፦ እናቴና አክስቴ በጡት ካንሰር ሞተዋል። እኔ 34 ዓመቴ ነው፤ ምንም አይሰማኝም።

ምንም ሳይሰማዎ መደወልዎ ትክክል ነው። ከጡት ካንሰር ሁሉ በውርስ የሚመጣው ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆነው ብቻ ነው፤ ነገር ግን የእርስዎ ዓይነት ታሪክ ያላቸው ሰዎች በዚያ ክፍል ውስጥ የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የአባትዎንም ወገን አብረው ይጠይቁ፤ ሲበላሹ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡት፣ ብራካ የሚባሉት ዘረ መሎች በአባት በኩልም ያልፋሉ። ሟቾቹ በስንት ዓመታቸው እንደታመሙ ጽፈው በዚህ ሳምንት የካንሰር ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ከዚህ የበለጠ በስልክ አልናገርም።

የአዲስ አበባዋ እናት በስርጭቱ ማብቂያ እንደገና ደውለው፦ ልጁን ሆስፒታል አስተኝተው ሲከታተሉት ቆይተው አሁን ነቅቷል፤ ምግብም ጠይቋል። የተረፈውን ሽሮፕ ግን ምን ላድርገው? ጎረቤቴ ለባሏ ሳል ፈልጋዋለች።

እንኳን ደስ አለዎት፤ እኔም አሁን ተነፈስኩ። ብልቃጡን መድኃኒት ቤት ወስደው ለባለሙያው ያስረክቡ። ለጎረቤትዎ አይስጡ።